የፋሲካ ማግስት ባቡር

እኔ በዕድሜዬ ባቡር የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ትኬቱ የደርሶ መልስ ነበር፤ ደርሼበታለሁ፣ አልተመለስኩበትም። የእህቴ ልጆች “ባቡር እንዴት ነው?” ሲሉኝ “ይጮሃል፣ ያጨሳል፣ ይደርሳል” ብዬ ዝም እላለሁ። ከዚህ በላይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ልጽፈው ተነሥቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና እጄ ይዘገያል፤ እናንተም ታገሡኝ።

ጣልያን መተማን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ቢሞላኝ ነው። ስሜ ስንዱ፣ ባሌ ታከለ። ጣልያን ሲመጣ ታከለ ጠመንጃውን አንግቶ በረሃ ገባ፤ እኔን ከታላቅ ወንድሙ ከአያ ውብነህና ከእህቱ ከየውብዳር ጋር ድንበር አሻግሮ ገላባት አስቀመጠኝ። ድንበር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በበጋ የሚደርቅ አንድ ፈፋ ነው። ከዚህ ማዶ የእንግሊዝ፣ ከዚያ ማዶ የጣልያን ይባላል እንጂ ፍየሎቹ እንኳ አያውቁትም። ገላባት ሆኜ መተማ ያለውን የገዛ ቤቴን ጣራ አየው ነበር። ጭስ ይወጣበታል። ማን እንደሚያነድበት እንጃ።

ሥራዬ ዕጣንና ሙጫ መልቀም ነበር። ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የገላባት ነጋዴ ትልቅ መጋዘን ነበራቸው፤ ሴቶቹ ወለሉ ላይ ተደርድረን ትልቁን ከትንሹ፣ ነጩን ከጠቆረው እንለያለን። ሐጅ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሱዳናዊ ናቸው፣ አማርኛውን ግን ከመተማ ገበያ ለምደው አቀላጥፈው ይናገሩታል። እኔም ከእሳቸውና ከሠራተኞቻቸው ጋር ሁለት ዓመት ስውል ዓረብኛቸውንም ወጋቸውንም ለመድኩ።

ታከለ በወር በሁለት ወር አንዴ ፈፋውን ተሻግሮ ብቅ ይላል። መጨረሻ የመጣው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ልብሱን አጠብኩለት፣ እግሩ ላይ የገባውን እሾህ አወጣሁለት። ሲሄድ፣

“ለፋሲካ አብረን እንገድፋለን” አለኝ።

“ጦምህን ትጦማለህ እንዴ አንተ? በረሃ ያገኘኸውን የምትበላ!” አልኩት።

“ኧረ እጦማለሁ! የሚበላ ሲጠፋ ምን ላድርግ?” ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሄደ። እኔም ሁዳዴን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ከረምኩ፤ ለፋሲካ ታከለ ይመጣል።

የሰሞነ ሕማማት ሰኞ አያ ውብነህ ከገበያ ተመልሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። “ንዳድ ነው” አሉ። የቆላ ሰው ንዳድ ሲይዘው ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሆኑ። የውብዳር ደግሞ ተለወጠችብኝ። እሷ ምላሷ በርበሬ ነው፤ “ወንድሜ አንቺን ሲያገባ ዓይኑ ታሞ ነበር” እያለች የምታበሽቀኝ ሴት፣ ድንገት ውሃ ትቀዳልኝ ጀመር። ጠጉሬን ልሥራሽ አለችኝ። “ምነው፣ ልትሞቺ ነው እንዴ ደግ የሆንሽው?” ብላት ፊቷን አዙራ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት አያ ውብነህ ተነሥተው ተቀመጡና፣

“ስንዱ፣ ፋሲካን ገደሪፍ እንዋል። የአገራችን ሰው ብዙ አለ” አሉኝ። “በማግስቱ ሱዳኖቹ ሸም ነሲም የሚሉት በዓል አላቸው። ልዩ ባቡር ይነሣል፣ ሰው ለሽርሽር ከሰላ ይሄዳል፣ በነጋታው ይመለሳል። አዛለችንም ታያታለሽ።”

አዛለች እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ከሰላ ትኖር ነበር። ልቤ ቢከጅልም፣

“ታከለስ? ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል እኮ! መጥቶ ቤቱን ዝግ ሊያገኘው ነው?” አልኳቸው።

 “ከሰላ የሚጠብቅሽ ሰው አለ” አሉ።

“ማነው?”

“ስትደርሺ ታዪዋለሽ።”

አያ ውብነህን እንዳትወቅሱብኝ። ታከለ ነው አላሉኝም። የሞላሁት እኔ ነኝ። በረሃ ያሉት ሰዎች ጥይት ፍለጋ አንዳንዴ በከሰላ በኩል ብቅ እንደሚሉ ሰምቼ ነበርና ወዲያው ገጠመልኝ። በዓል የመጣላት ልጅ ሆንኩ። ልብሴን አጠብኩ፣ እጄን እንሶስላ ሞቅሁ።

ዓርብ ጧት በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ገደሪፍ ገባን። ቅዳሜ ሌሊት አስቀደስን፣ እሑድ ገደፍን። እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ የተሰደደ ያገሬ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ሥጋውን እኔን ያጎርሳል። “ብዪ ስንዱ፣ ብዪ እንጂ!” ሴቶቹ ስበላ አፌን ያዩኛል። አንዷ አጉርሳኝ ስታበቃ ወጥታ ጓሮ ሄደች። የገደሪፍ ሰዎች ሰው ማክበር ያውቃሉ ብዬ ተገረምኩ። ሞኝ ነኝ እናንተዬ፣ ሞኝ!

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጣቢያው ላይ ነበርን። ባቡሩ ግንባሩ ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ አስረውበታል። ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል፤ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ እንቁላል በቅርጫት የያዙ የግብፅ ጸሐፊዎች ከነሚስቶቻቸው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ግሪኮች፣ ከበሮ የተሸከሙ የገደሪፍ ጎረምሶች። ግብፆቹ ለዚያ በዓል የሚበሉት በጨው የከረመ ዓሣ አለ፤ ሽታው ከጭሱ ቀድሞ ነው አፍንጫ የሚይዘው። አያ ውብነህ አማተቡ።

“ሃምሳ አምስት ቀን ጦሜ ይኸን ልማገው!” አሉ። ቀጥለውም ባቡሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና “እንዲያው ይኸ ነገር ቢደነብር ማን ነው የሚይዘው?” ሲሉ የውብዳር ሳቀች። ከሰሞኑ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

አራተኛ ማዕረግ ገባን። የእንጨት አግዳሚ፣ መስተዋት የሌለው መስኮት። ፉጨቱ ሲለቀቅ ጮህኩ። ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ባቡሩ ቆሞ ገደሪፍ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ነፋሱ ገባ፤ ያ የቆላ የሚያዝያ ሙቀት ተገፎ ሲሄድ፣ ነፍሴን እንደዚያ የቀለላት ቀን የለም። ሜዳው ጥቁርና የተሰነጣጠቀ ነው፣ አልፎ አልፎ ግራር። ግመሎች ቀና ብለው ያዩናል። እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ጥላሸት ዓይኔን ሞልቶታል።

“ማነው ከሰላ የሚጠብቀኝ? አሁን እንኳ ንገሩኝ!” እላለሁ።

“ታዪዋለሽ አልኩሽ” ይላሉ አያ ውብነህ።

“ሽበት አለው የለውም? እሱን ብቻ!”

“ተዪኝ እስቲ ልጄ፣ ጭሱ አሞኛል።”

ሠረገላው ውስጥ ከገደሪፍ አብረውን የመጡ ስድስት ሰባት ያገር ሰዎች ነበሩ። ጎረምሶቹ ከበሮውን ሲመቱ እኔ አላስችል አለኝና ተነሥቼ አወጣሁ፤

ባቡሩ ይገስግስ ጭሱን እየተፋ፣
ከሰላ ነው አሉ የጠበቅሁት ተስፋ።

ያገሬ ሰዎች ተቀበሉኝ። አያ ውብነህ ያጨበጭባሉ፣ እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። “ጭስ ነው” አሉ ሳልጠይቃቸው። እኔም ትላንት የጠጡት ጠላ አልወጣላቸውም ብዬ ሳቅሁ። እንደዚያ እየዘፈንኩ፣ እየተቀመጥኩ፣ እየተነሣሁ ኸሽም አልጊርባ የሚባል ጣቢያ ደረስን።

እዚያ ባቡሩ ውሃ ይሞላል፤ ሰው ወርዶ እግሩን ያፍታታል። እኔም ወረድኩ። የውብዳር ክንዴን ይዛለች። ጥላው ሥር ሐጅ ኢድሪስን አየኋቸው፤ ልጆቻቸውን ይዘው በሌላ ሠረገላ መጥተው ኖሯል። ከእኛ ሦስት ቀን ቀድመው ነበር ከገላባት የወጡት። ደስ ብሎኝ “ሐጅ!” ብዬ ተጣራሁ።

ዞረው አዩኝ። ልጆቹን ትተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ፊቴ ሲደርሱ ቆሙና ሁለት እጃቸውን ወደ ደረታቸው አንሥተው፣ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ይኸን የማያውቅ ሰው ይኖራልና ልንገራችሁ። ሱዳኖች ሰው የሞተበትን ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ ሰላም አይሉም። እንደዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋትሐ የሚሉትን ጸሎት ይቀራሉ፤ ሐዘንተኛውም ይዘረጋል፣ አብረው ጨርሰው ፊታቸውን ያብሳሉ። የመጋዘኑ ዘበኛ እናቱ የሞተች ጊዜ ሁላችንም፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር፣ ተራ በተራ አድርገንለታል። ለሌላ ነገር እንደዚያ አይደረግም።

አያ ውብነህ ከኋላዬ ተፈናጥረው መጥተው የሐጅን ሁለት እጆች ከላይ ያዙና ወደ ታች ተጫኗቸው። “እንዴት ሰነበቱ ሐጅ! እንዴት ከረሙ! ልጆቹ ደኅና!” ብለው ጮሁ። ሐጅ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተሞቀውን እጄን አዩ። ገባቸው። እጃቸውን አስለቅቀው ላብ እንደሚጠርግ ሰው ፊታቸውን ጠረጉ።

ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ቆመ፤ ባቡሩ እንፋሎት ሲለቅ አያለሁ፣ አይሰማኝም። ከዚያ አንደበቴ ብቻውን ተናገረ፤

“ሐጅ፣ እርስዎም ለሽርሽር ነው?”

“አዎ ልጄ” አሉ። “ልጆቹን... የከሰላን አትክልት ላሳያቸው ብዬ።”

“ጥሩ አድርገዋል። አየሩም ደግ ነው።”

ሐጅ ሄደው ከርከዴ የሚሉትን ቀይ መጠጥ በብርጭቆ ገዝተው አመጡልኝ። አንድም ሳላስቀር ጠጣሁት። “እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ። የውብዳር ብርጭቆውን ተቀብላ መለሰችላቸው። 

ወደ ሠረገላው ተመልሰን ተቀመጥን። ባቡሩ ተነሣ።  ያገሬ ሰዎች ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ። እኔም ነገሩን አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። የአያ ውብነህ ንዳድ። የየውብዳር ደግነት። ገደሪፍ ላይ አጉርሳኝ ጓሮ የሄደችው ሴት። እህቴ ያለችበት ከተማ። የአገራችንን ወግ ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በሕማማት አይነገርም፣ ሰው ጦሙን ሳይገድፍ አይነገርም። ወገን ባለበት፣ ማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ይኸ ሁሉ ጉዞ ለዚያ ነበር። ሽርሽሩን እኔ ብቻ ነኝ የተንሸራሸርኩት።

ተነሥቼ “ንገሩኝ” ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ በደንብ አውቃለሁ። መርዶው እስኪነገር ድረስ ሰው አልሞተም። አልቃሽ አልተነሣም፣ ከል አልተለበሰም፤ ታከለ እስከ ነገ ጧት ድረስ ባሌ ነው። ስለዚህ ወደ ጎረምሶቹ ዞርኩና፣

“ምነው ከበሮው ዝም አለ? ደከማችሁ?” አልኩ።

እነሱ ሱዳኖች ናቸው፣ ምንም አያውቁም፤ ደስ ብሏቸው መቱ። እኔም ተነሥቼ ያንኑ ዘፈን አወጣሁ። ያገሬ ሰዎች መቀበል አቃታቸው። አያ ውብነህ ብቻ አጨበጨቡ። የውብዳር “ጥላሸት ገባብኝ” ብላ መስኮቱ ላይ ተደፋች። አንዴ ሳላውቅ፣ አንዴ እያወቅሁ ዘፈንኩ፤ ይኸን ነው ለማንም ያልነገርኩት።

ቀጥሎ ትልቅ ድልድይ መጣ። ከሥሩ ሰፊ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የተኛ ውሃ። አንድ ያገሬ ሰው ዝምታው ጨንቆት ይመስለኛል፣ “ይኸ አትባራ የሚሉት የኛው ጓንግ ነው። ከመተማ በላይ የሚወርደው” አለ። አያ ውብነህ ገላመጡት። እኔ አጎንብሼ አየሁ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከዚያ የስልክ እንጨቶቹን ቆጠርኩ፤ እየተሳሳትኩ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ከሰላ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ተራሮቹ ከሜዳው ላይ እንደ ተደፋ እንስራ ቆመዋል። እህቴ አዛለች ጣቢያው ላይ ነበረች፤ አንቃ አቀፈችኝና አልለቅም አለች። ነጭ ለብሳለች፤ ከነጠላዋ ሥር ግን የጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ይታያል። አየሁት፣ አላየሁትም።

“ከሳሽ” አለችኝ።

“አንቺ ወፍረሻል” አልኳት።

ከጣቢያው ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ወንዝ ዳር፣ ወደ አትክልቱ ሄደ። እኛም ሄድን፤ ለሽርሽር አይደል የመጣነው! ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ሙዝ። ጥላው ሥር ግብፆቹ ዓሣቸውን ፈቱ፣ ግሪኮቹ ደነሱ። አያ ውብነህ ሙዝ ገዝተው ሰጡኝ። ላጥኩት፣ በላሁት። ሌላ ሰጡኝ፣ በላሁት። አምስት በላሁ መሰለኝ። ጣዕሙን አላስታውስም። እጄ ሲልጥ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የእንሶስላው ቀለም እንደ ደመቀ ነበር።

“ይጣፍጣል?” አለችኝ የውብዳር።

“ይጣፍጣል” አልኳት። “ለታከለ ይዘንለት እንሂድ።”

ይኸን ያልኩት እሷን ለመጉዳት አይደለም። ወይም ነው። እንጃ። ብቻ ስትሰማ ተነሥታ ሄደች።

ያን ሌሊት ተኛሁ። እንደ ድንጋይ ድብን ብዬ ተኛሁ። ሲነጋጋ አዛለች ቀሰቀሰችኝ። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው። ሴቶቹ ከበሩ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ስወድቅ ሊይዙኝ። አያ ውብነህ ፊቴ መጡ። ያን ያህል ጊዜ ያጠናውን ነገር የረሳ ሰው መሰሉኝ።

“ስንዱ” አሉ። “ያገር ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ... ጦርነት ነው... ወንድሜ ታከለ...”

“እሺ” አልኩ።

“ጓንግ ዳር ነው የወደቀው። ባንዳ ከብቦት። ከሆሳዕና በፊት።”

“እሺ” አልኩ።

ሴቶቹ ዋይታውን አቀለጡት። የውብዳር መሬት ላይ ወደቀች፤ እህቴ ደረቷን ደቃች። እኔ ቆሜያለሁ። አዛለች ጎኔን ቆንጥጣ “አልቅሺ! አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይላል?” አለችኝ። ሞከርኩ እኮ። ዓይኔን አጥብቄ ጨፈንኩ። እንባ የሚባል ነገር ጠፋ። ጠጉሬን ላጩኝ፣ ዝም አልኩ። ከል አለበሱኝ፣ ዝም አልኩ። ሐጅ ኢድሪስ መጥተው ጥግ ተቀመጡ፤ ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብለው በዓረብኛ “ይቅር በዪኝ ልጄ፣ በእኛ ዘንድ ሞት አይደበቅም” አሉኝ። “እርስዎ ምን አደረጉኝ?” አልኳቸው።

ያ ባቡር በዚያው ቀን ከነከበሮው ተመለሰ። እኛ አርባውን እዚያው አወጣን። ባለ ግጥሟ አልቃሽ እንኳ ትታ ሄደች፤ የሟች ሚስት ካላለቀሰች ምን ብላ ትግጠም? ወሬው ገላባት ድረስ ቀድሞኝ ደረሰ። “ባሏ ሞቶ ባቡር ላይ የዘፈነች” አሉኝ። “ሳታውቅ ነው እኮ” የሚል አይጠፋም። ሳታውቅ ነው ሲሉልኝ ነበር የሚያመኝ።

ጣልያን ወጣ፣ መተማ ተመለስን። ጣራው ያው ነበር። ባል አላገባሁም፤ ጠየቁኝ፣ ሰነፍኩ። ዓመታት አለፉ። አያ ውብነህ አርጅተው ሲታመሙ የማስታምማቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ውሃ እያጠጣኋቸው፣

“ያን ጊዜ ባቡሩ ላይ እንዳወቅሽ አውቄ ነበር” አሉኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። “በምን አወቁ?”

“ከገላባት ጀምረሽ ‘ማነው የሚጠብቀኝ’ እያልሽ ነዘነዝሽኝ። ከሰላ ወረድሽ፤ ዞር ብለሽ እንኳ ማንንም አልፈለግሽም። አልጠየቅሽኝም።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ንገሩኝ ብትዪ እነግርሽ ነበር። ስትዘፍኚ ዝም አልኩ።” ትራሱን ደገፍ አሉ። “እኔን ገበያ መሀል ነው የነገሩኝ። በቆምኩበት። አንድ ግመል ነጂ፣ ዘንጋዳ እየመዘነ። ወንድምህ ሞተ፣ አለኝ። ምንም ጊዜ አልሰጠኝም። አንቺ እንደዚያ እንዳትሆኚ ብዬ ነው።”

ሰማኋቸው፣ ግን አልገባኝም። በሆዴ የያዝኩት ቂም ነበር፤ ወጋችን ደንቆሮ ነው፣ ሰውን አሞኝቶ ሙዝ ያበላል፣ ሲያበቃ ለምን አላለቀስሽም ይላል። እኔ ብሆን እላለሁ፣ እንዲያው በቀጥታ ነው የምናገረው።

እሱም ደረሰ። አያ ውብነህ ዐረፉ። ልጃቸው ዓለሚቱ ገንዳ ውሃ የሚባል አገር ተድራ ነበር፤ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ልታነሣ ደግሳለች። ዘመድ ተመካከረ፤ ክርስትናው እሑድ ይለፍ፣ መርዶው ሰኞ ማለዳ ይነገራት ተባለ። የውብዳር እኔን ነጥላ “ስንዱ፣ አደራሽን! እሑድ እስኪያልፍ!” አለችኝ።

ቅዳሜ ጧት ተነሥቼ ብቻዬን ገንዳ ውሃ ሄድኩ። ዓለሚቱ ግቢዋ ውስጥ ለድግሱ የመጣላትን የማሽላ ዱቄት እያስለካች ነበር፤ ፊቷ በዱቄት ነጥቷል። ስታየኝ እየሮጠች መጣች።

“እትዬ ስንዱ! አባባስ? ተሻለው? እሑድ ይመጣል?”

“አባትሽ ሞተ” አልኳት። “ሐሙስ ነው የቀበርነው። ሰኞ ሊነግሩሽ ነው የተመካከሩት፤ እኔ አንቺን ማታለል አልሆንልኝ አለ።”

በቆመችበት ቀረች። ሰፈሯ ያሉት ሴቶች የሚያቅፋት ዘመድ እስኪመጣ ድረስ ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም። እኔም አላወቅሁም። ልጁ በነጋታው በለቅሶ መሀል ክርስትና ተነሣ፤ ስም የሚያወጣለት ሰው እንኳ አልነበረም፣ ቄሱ አወጡለት።

እናንተ ይኸን የምታነቡ፣ እውነት ከሁሉም በላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም መርዶ አልነገርኩም፣ ደብቁም ንገሩም ብዬ አልመከርኩም። ሲመካከሩ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ዓለሚቱ ዓመት ሙሉ አላነጋገረችኝም። በመጨረሻ አንድ ቀን መተማ ገበያ ተገናኘን፤ ሰላም አልኳት፣ እጄን ይዛ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“ልጄን ታቅፌ፣ አባባ ይመጣል ብዬ፣ አንዲት እሑድ ብትጨምሪልኝ ምን ነበረበት?” አለችኝ።